ከጎናችሁ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን

ውድ ወጣት ሹፌሮች፣

መንጃ ፈቃዱን አግኝታችኋል። ከነባር ሹፌር ጋርም ለጥቂት ጊዜ ተመላልሳችኋል። አሁን የስምሪት ኃላፊው ቁልፉን በእጃችሁ አስጨብጦ «ከነገ ጀምሮ ብቻህን ነህ» ወይም «ብቻሽን ነሽ» ብሏል። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እንዴት እንደሚሸሽ አውቃለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ መሪ ጨብጬ ኖሬ ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ፤ ከዚያ ሁሉ ጉዞ አጥርቼ የማስታውሰው ግን የመጀመሪያውን ቀን ነው።

ያን ቀን የጎደለኝ የመንዳት ችሎታ አልነበረም። ማርሽ መቀየር፣ ስፖኪዮ ማየት፣ ተሳቢ ይዞ መታጠፍ ተምሬአለሁ። የጎደለኝ ከጎኔ ተቀምጦ «ቆይ» የሚለኝ ሰው ነበር። ያስተማረኝ ሹፌር ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስቸኩል፣ ወደ ኋላ ልነዳ ማርሽ ሳስገባ፣ ቁልቁለት ልጀምር ስል፣ እጁን ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ «ቆይ» ይለኛል። ያችው ነበረች ትምህርቱ። እርሱ ከመኪናው ሲወርድ ያች ቃልም አብራው ወረደች፤ መውረዷን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁ ብዬ ነው።

ጠዋት ሞተሩን ስታስነሱ መጀመሪያ የሚያስቆማችሁ መኪናው ራሱ ነው፤ የፍሬኑ አየር እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ነው። ስለ አየር ፍሬን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ለባቡር ባወጣው የመጀመሪያ አሠራር ፍሬኑን የሚያስይዘው በቱቦው ውስጥ የሚላከው አየር ነበር። ቱቦው ቢበጠስ ፍሬን የለም ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርሱው አሠራሩን ገለበጠው፤ በቱቦው ያለው አየር ሲጠፋ ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ አደረገ። የዛሬው ከባድ መኪና የእጅ ፍሬንም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ጎማውን ይዞ የሚያቆመው ብርቱ ሞላ ነው፤ የአየሩ ሥራ ያንን ሞላ ጨምቆ ፍሬኑን መልቀቅ ነው። አየር ከሌለ ፍሬኑ አይለቅም። መሐንዲሶቹ መኪናው አንድ ነገር ሲጎድለው እንዲቆም አድርገው ሠሩት። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ አየር እስኪሞላ የምጠብቃቸው ደቂቃዎች አሰልችተውኝ አያውቁም።

እነዚያን ደቂቃዎች በካቢና ውስጥ ተቀምጣችሁ አታሳልፏቸው። ውረዱና መኪናውን ዙሩ። መብራትና ጎማ ማየትን ስለተማራችሁት አልመለስበትም። የጎማ ዳዶዎችን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ከዳዶው ሥር በቸርኬው ላይ የዝገት መስመር ከወረደ ወይም ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ካብለጨለጨ፣ ያ ዳዶ እየላላ ነው። ጎማ ከተቀየረ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ፤ አጥብቆ ያሰረላችሁ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን። የመኪናችሁን ከፍታም በቁጥር እወቁት፤ ጽፋችሁም ከፊታችሁ ለጥፉት። ባዶ መኪና ከተጫነው ትንሽ ከፍ ብሎ እንደሚቆም ብዙ ሰው ልብ አይልም። ስትሄዱ ጭነት ይዛችሁ ያለፋችሁበት ድልድይ፣ ስትመለሱ ባዶውን መኪና ሊነካ ይችላል።

ከዙሩ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ በመኪናው ፊት ለፊት አልፋችሁ ወደ በራችሁ የምትመለሱባት። ካቢናው ከፍ ያለ ስለሆነ ከመከላከያው ሥር የቆመ ሕፃን ከመሪው ላይ ሆናችሁ አይታያችሁም። በትንሽ መኪና ያደገ ዓይን ይህን አያምንም። አንድ ቀን ጓደኛችሁን ከፊት አቁማችሁ ከላይ ሆናችሁ እዩት፤ የት ሲደርስ ከዓይናችሁ እንደሚሰወር ታያላችሁ።

ስለ ጭነት ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። «ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። የአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር ደረጃ፣ ጭነት ወደ ፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ የሚያህል ግፊት እንዲችል ሆኖ ይታሰር ይላል። 20 ቶን ከጫናችሁ፣ በድንገት ፍሬን ስትይዙ 16 ቶን የሚያህል ግፊት ወደ ጀርባችሁ ይመጣል ብላችሁ እሰሩ ማለት ነው። ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላም ወርዳችሁ ማሰሪያውን በእጃችሁ ሞክሩት፤ ጭነት በጉዞ ይደላደላል፣ ማሰሪያም ይላላል። ያልቆጠራችሁትን ዕቃ ተረክቤአለሁ ብላችሁ አትፈርሙ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ ልምጣ።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ረጅም ቁልቁለት አፋፍ ላይ ደረስሁ። ከመምህሬ ጋር ስንት ጊዜ ወርጄዋለሁ። ሁልጊዜ አፋፉ ላይ «ቆይ» ይለኝና ማርሽ ቀንሼ እወርዳለሁ። ያን ቀን ግን ከኋላዬ ሦስት ትንንሽ መኪኖች ተከታትለው ነበር፤ አንደኛው ጡሩምባውን ይነፋል። ቶሎ ልሂድላቸው ብዬ በነበርሁበት ማርሽ ገባሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ፍሬን ስይዝ ይቀንሳል፣ ስለቅ ይፈጥናል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስደርስ የፍሬን መርገጫውን ቀድሞ ከምረግጠው አብልጬ መርገጥ እንደጀመርሁ አስተዋልሁ። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። በግራ ስፖኪዮ ስመለከት ከተሳቢው የኋላ ጎማ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ እየተጎተተ ይከተለኛል። እጄ ወደ ማርሽ ሄደ፤ ግን በዚያ ፍጥነት ዝቅተኛው ማርሽ አይገባም፣ ያለውን ካወጣሁት ደግሞ ሞተሩም የሚይዘው ነገር አይኖርም። እጄን መለስሁ። ያዳነኝ የመንገዱ አቀማመጥ ነው፤ ከኩርባው በኋላ አጭር ዳገት ነበረ። መኪናው እዚያ ላይ ዝግ ሲል ወደ ዳር አወጣሁት፣ ጎማው ሥር ታኮ አስገባሁና መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እግሮቼ ሊያቆሙኝ አልቻሉም። ጡሩምባ ሲነፉ የነበሩት መኪኖች አልፈውኝ ሄዱ፤ አንዳቸውም ምን እንደሆንሁ አላወቁም።

በዚያ ሰዓት የተፈጠረውን ኋላ ተማርሁት። ታምቡሩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ብረት፣ በሙቀት ሲሰፋ ከውስጥ ከሚጫነው የፍሬን ሸራ ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። መኪና የሚሸከመው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት ለውጦ ሊጨርሰው የሚገባው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ማርሹና የሞተር ፍሬኑ (ሞተሩ ራሱ መኪናውን የሚይዝበት) የሚመረጡት አፋፉ ላይ ነው፤ ቁልቁለቱ መካከል ላይ ምርጫ የለም። የቀድሞ ሹፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሉ ነበር። የዛሬ ሞተሮች ጉልበታቸው ስለበዛ ዳገቱን በከፍተኛ ማርሽ ይወጡታል፤ ስለዚህ ሲወርዱ ከዚያም ዝቅ ያለ ያስፈልጋችኋል። ማርሹ በራሱ የሚቀያየር መኪናም ቢሆን ዝቅተኛውን ማርሽ እናንተ መርጣችሁ አስይዙት። የእግር ፍሬኑን ሳትለቁ በስሱ እየረገጣችሁ አትውረዱ። ፍጥነቱ ከወሰናችሁት ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ፍጥነት ላይ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ቀንሱ፣ ልቀቁት፣ ፍሬኑ ይተንፍስ። በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ አትድፉ፤ ይሰነጠቃል።

ከኋላ ስለሚነፋው ጡሩምባ አንድ ቃል ልጨምር። ያ ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል። እናንተ የጫናችሁትን አያውቅም፣ ሽታውም አይደርሰውም። የሚያየው የኋላ በራችሁን ብቻ ነው። አመቺ ቦታ ስታገኙ ዳር ይዛችሁ አሳልፉት፤ እስከዚያ ግን በራሳችሁ ፍጥነት ሂዱ።

ሌላው የብቸኝነት ፈተና ማራገፊያ ቦታ ላይ ይጠብቃችኋል። ወደ ኋላ መንዳት ስትጀምሩ ከየት እንደመጡ የማታውቋቸው ሦስት አራት ሰዎች ከኋላ ቆመው «ና! ና! ና!» ይላሉ። አንዱ በቀኝ እጁ፣ ሌላው በግራው ይጠራል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሊረዷችሁ ነው። ነገር ግን ተሳቢው ሲታጠፍ ጭራው ወዴት እንደሚጠርግ አብዛኞቹ አያውቁም፣ የሚያውቀውም ቢሆን ከፍ ያለውን የብረት ምሰሶ ላያይ ይችላል። ከመካከላቸው አንድ ሰው ምረጡ፤ እርሱን ብቻ እንደምትከተሉ ንገሩት፣ ከስፖኪዮው ሲጠፋባችሁ እንደምትቆሙም አስረዱት። ስትጠራጠሩ ደግሞ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ውረዱና በዓይናችሁ እዩ። ሦስቴም አምስቴም ውረዱ። እኔ ከሃያ ዓመት ሥራ በኋላም ወርጄ አያለሁ፤ አዲስ ሹፌሮች ሲያዩኝ ይገረሙ ነበር። ለመውረድ አፍረው ግድግዳ የመቱ ጎበዞችን ግን አውቃለሁ፤ አንደኛው ከእኔ የበለጠ ነጂ ነበር።

ስልካችሁ ይጮኻል። የስምሪት ክፍሉ «የት ደረስክ?» ይላል፤ መጠየቁ ሥራው ነው፣ እናንተም ቆማችሁ መመለስ መብታችሁ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ታልፋላችሁ። ስልኩን ለአምስት ሰከንድ ብታዩ ከ100 ሜትር በላይ መንገድ ሳታዩ ሄዳችኋል። እንቅልፍም እንዲሁ ነው፤ እርሱ ግን ሳይጮኽ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሚወርድ አሳይቷል። በአውሮፓ ኅብረት ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ሕጉ ያስገድዳል። እናንተ የምትሠሩበት ሕግ ምንም ይበል ምን፣ ያለፋችሁትን የመጨረሻ ኩርባ ማስታወስ ካቃታችሁ መቆሚያችሁ ደርሷል። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮኽ እንቅልፍን አያስቀርም። የሚያስቀረው መተኛት ብቻ ነው፤ ሃያ ደቂቃም ቢሆን።

አንድ ነገር ከነካችሁ፣ ከሰበራችሁ፣ እንደ እኔ ፍሬን ካቃጠላችሁ፣ በዚያው ቀን ተናገሩ። እኔ ያን ቀን መናገር ፈርቼ ነበር። ሥራውን ገና በመጀመሪያው ቀን የማጣ መሰለኝ። ማታ መኪናውን ካቆምሁ በኋላ መምህሬ ሲያደርግ እንዳየሁት በየጎማው መካከል የእጄን ጀርባ እያስጠጋሁ ዞርሁ። ሁሉም ቀዝቅዘዋል፤ ከተሳቢው ግራ የኋላው በቀር። እርሱ ገና ሳልነካው ከርቀት ይሞቀኝ ነበር። የብልሽት መዝገቡን ይዤ ካቢና ውስጥ ብዙ ደቂቃ ተቀመጥሁ። ነገ በዚያ መኪና የሚወጣው ሌላ ሰው እንደሆነ አስታወስሁ። ቁልቁለቱን በየትኛው ማርሽ እንደወረድሁት፣ ጭሱን፣ የጋለውን ጎማ ሁሉንም ጻፍሁ።

ጠዋት ስመጣ መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ሥር ተቀምጦ ነበር። ፍሬኑ እንደያዘ መቅረቱን፣ መኪናውም ቀኑን ሙሉ ያን የተያዘ ጎማ እየጎተተ መዋሉን አሳየኝ። ከዚያ የተሰነጠቀውን የፍሬን ሸራ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «መጻፍህ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ሊወጣ መኪናውን አስነስቶ ነበር» አለኝ።