ከበርገን እስከ ኪርኬነስ በመርከብ፦ ስለ ሰሜን ብርሃን ለጠየቃችሁኝ

በብርዱ ወቅት የኖርዌይን ባሕር ዳርቻ ይዛ ከበርገን ከተማ ወደ ሰሜን ጫፍ ወደብ ወደ ኪርኬነስ ስለምትወጣው መርከብና ከእሷ ላይ ስለሚታየው የሰሜን ብርሃን (አውሮራ፣ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚወዛወዘው ባለ ቀለም ብርሃን) ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ኑሮዬ እዚሁ ሰሜን ኖርዌይ ስለሆነ ለሽርሽርም ለጉዳይም እሳፈርባታለሁ። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ወራቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ሁሉ ብር አውጥቼ ሄጄ ብርሃኑን ሳላይ ብመለስስ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

ሊሆን ይችላል ወንድሜ። አይሆንም የሚልህ ቲኬት ሻጭ ብቻ ነው።

ሦስት ነገር መገጣጠም አለበት፦ ጨለማ፣ የጠራ ሰማይና ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣት ማዕበል። ጨለማው ሞልቷል። የፀሐይዋም ነገር ደህና ነው፤ በየ11 ዓመቱ ገደማ ትበረታለች፣ የአሁኑ ዙር ከፍታው ላይ መድረሱ የተነገረው በኦክቶበር 2024 ነው። ከፍታው ካለፈ በኋላም ለጥቂት ዓመታት ጥሩ ጥሩ ሌሊቶች ይኖራሉ። ችግሩ ደመና ነው። ይህ ዳርቻ ዝናብና በረዶ አያጣም።

መርከቧ ደግሞ ብርሃን አሳዳጅ አይደለችም። ካፒቴን ሪቻርድ ቪት በ1893 መስመሩን ሲጀምር ፖስታ፣ ጭነትና ሰው ለማመላለስ ነበር። ዛሬም 34 ወደቦችን ትነካለች። አንዳንዱ ጋ እኩለ ሌሊት ላይ ደርሳ፣ ዕቃ አራግፋ፣ ሩብ ሰዓት ሳትቆይ ትነሳለች። አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው ሐኪም ጋ ደርሶ ወደ መንደሩ የሚመለስ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ከሰሜን ኖርዌይዋ ከተማ ከትሮምሶ በሚኒባስ የሚወስዱ አስጎብኚዎች ደመና ካዩ እስከ ፊንላንድ ድንበር ይነዳሉ። መርከቧ ግን ከመስመሯ ንቅንቅ አትልም።

ጥቅሟ ሌላ ነው። ከቡዶ ወደብ ወደ ላይ ካለፈች በኋላ ብርሃኑ ከሚያዘወትርበት፣ ሰሜን ዋልታን ከሚከበው ቀለበት ሥር ተከታታይ ሌሊቶችን ታሳልፋለች፤ በየሌሊቱም ያለችበት ቦታ ይለያያል። ሎፎተን ደሴቶች ላይ የተዘጋ ሰማይ ወደ ሰሜን ርቃ ባለችው ሃመርፌስት ላይ ሊከፈት ይችላል። እኔን ከጠየቅከኝ፣ ለዳርቻው ብለህ ሂድ። ብርሃኑ ምርቃት ይሁንልህ። ለብርሃኑ ብቻ ከሆነ ግን ትሮምሶ ላይ አራት አምስት ሌሊት ተቀምጠህ በመኪና መውጣቱ ያዋጣሃል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ፌብሩዋሪ መጨረሻና ማርች። ሌሊቱ ገና ጨለማ ነው፣ ቀን ደግሞ ተራራውን የምታዩበት ብርሃን አለ። በማርችና በሴፕቴምበር፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ብርሃኑም ደጋግሞ የመነሳት ጠባይ አለው።

ዕረፍቴ ዲሴምበር ላይ ብቻ ነው ያላችሁ የገልፍ ልጆች፣ ያም አይከፋም። ትሮምሶ ላይ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ አትወጣም። ድቅድቅ ጨለማ ነው ማለት ግን አይደለም፤ እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ሰማዩ ሰማያዊና ሮዝ ይሆናል። ባሕሩ የሚከፋው ግን ያኔ ነው። ከኤፕሪል አጋማሽ በኋላ አትምጡ፤ ሌሊቱ ራሱ አይጨልምም።

«ካላያችሁ ሌላ ጉዞ በነፃ» የሚለው እውነት ነው?

ነው፣ ግን ደንቡን አንብቡ። መስመሩን ከ2021 ወዲህ ሁርቲግሩተንና ሃቪላ የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች ተካፍለውታል። የሁርቲግሩተን ቃል የሚሠራው የ12 ቀኑን ደርሶ መልስ በብርሃኑ ወቅት ለሚጓዝ ሰው ነው። ካሳው አጭር የመርከብ ጉዞ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ብርሃኑ ወጥቶ እናንተ እንቅልፍ ላይ ከነበራችሁ ደግሞ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ማስታወቂያ የሚነገርበትን የክፍላችሁን ድምፅ ማጉያ አትዝጉ።

12 ቀን አቅሜም ፈቃዴም አይችለውም።

ማን 12 ቀን አለ? መውጣቱን ብቻ፣ ከበርገን ኪርኬነስ፣ ስድስት ሌሊት ነው። ከዚያም ማሳጠር ይቻላል፤ ከወደብ ወደብ ቲኬት ይሸጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። ትሮምሶ በአውሮፕላን ገብታችሁ፣ ማታ ተሳፍራችሁ፣ ሁለት ሌሊት አድራችሁ ኪርኬነስ ትወርዳላችሁ። ያቺ ቁራጭ ብርሃኑ የሚጠበቅበት ምርጥ ክፍል ናት። በመሃል ሆኒንግስቮግ ወደብ ላይ የሰዓታት ቆይታ ስላለ ኖርድካፕ (የአውሮፓ ሰሜናዊ ጫፍ የሚባለው ገደል) ደርሶ መምጣት ይቻላል። ከኪርኬነስ በአውሮፕላን ትመለሳላችሁ።

መስኮት ያለው ክፍል ልያዝ?

አያስፈልግም። ብርሃኑ የሚታየው ከውጭ፣ ከመርከቧ የላይኛው ወለል ላይ ነው። ብሩን ለሱፍ ልብስ አውሉት።

እናቴን ይዤ ልሄድ አስቤ ነበር። 70 ደፍነዋል፤ ብርዱና ማዕበሉ አያስቸግራቸውም? (ከስቶክሆልም)

ይዘሻቸው ሂጂ እህቴ። ብርዱ እንደምትፈሪው አይደለም። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ሞገድ የወደቦቹ ውሃ በረዶ እንዳይሆን ይጠብቃል፤ ዳርቻው ላይ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ቢሆን ነው። ንፋሱ ነው አጥንት የሚሰብረው። ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ንፋስ የማያስገባ ካፖርት ይልበሱ፤ ጥጥ አይሆንም። ወለሉ በረዶ ስለሚይዝ ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ጎማ ግዢላቸው።

ማዕበሉን በተመለከተ፣ መርከቧ አብዛኛውን መንገድ በደሴቶች መሃል ተከልላ ነው የምትሄደው። የሚያናውጡት ክፍት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከበርገን በስተሰሜን ስታድ፣ ወደ ሎፎተን ስትሻገሩ ቬስትፊዮርድ፣ ከኖርድካፕ በኋላ ደግሞ ባሬንትስ ባሕር። ክፍላችሁ ዝቅ ያለ ወለል ላይ፣ ከመርከቧ መሃል ይሁን። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ከሌላ መድኃኒታቸው ጋር ይስማማ እንደሆነ ግን ቀድመሽ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

የአርክቲክን ክበብ ስታልፉ የሚፈልግ ሰው አንገት ላይ በረዶ ያለበት ውሃ የሚያፈሱበት ልማድ አላቸው። እናትሽን ከዚያ አርቂያቸው፣ ወይም ራስሽ ቅመሺው።

ዓይኔም ካሜራው የሚያሳየውን ያህል አረንጓዴ ያያል?

ሁልጊዜ አይደለም። ብርሃኑ ደከም ሲል ለዓይን ነጣ ያለ ደመና ይመስላል፤ አረንጓዴነቱን የሚለየው ካሜራው ነው። ሲበረታ ግን በዓይንም ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ይወዛወዛልም። አረንጓዴው ከምድር 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ያለ ኦክስጅን ነው። ቀዩም ኦክስጅን ነው፣ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ። ከሥር ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ካያችሁ ናይትሮጅን ነው።

ዓይን ጨለማ እስኪለምድ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ስልካችሁን እያበራችሁ አትቁሙ፤ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችሁንም ዓይን ታበላሻላችሁ። ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ መርከብ ላይ ብዙም አያዋጣም፣ ወለሉ ራሱ ይንቀሳቀሳል። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚለይበትን መጠን) ከፍ፣ የመክፈቻ ጊዜውን አንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ አድርጉት።

የገና ጾም ላይ ነው የምሄደው። ምን እበላለሁ?

ቲኬት ስትቆርጪ «ቪጋን» ብለሽ አስመዝግቢ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ከጃንዋሪ ጀምሮ ከባሬንትስ ወደ ሎፎተን ለመራባት የሚወርደው ኮድ ዓሣ ይደርስላችኋል። እሱን በዚያ ወቅት አለመቅመስ ግፍ ነው።

ቪዛስ?

ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም በአንድ ቪዛ በሚገባበት በሸንገን ክልል ውስጥ ናት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም የገልፍ ኢቃማ አይተካውም። ማመልከቻው የሚገባው ሕጋዊ ነዋሪ በሆናችሁበት አገር ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ስዊድን ወይም ጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ እሱንና ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ኑ።

ጀበናና ቡና ይዤ ብመጣስ?

ቡናውን አዎ። ከሰሉንና እጣኑን ግን ቤት ተዉት። የጭስ ማንቂያው ከጮኸ ተሳፋሪው ሁሉ በሌሊት ልብሱ ይወጣል፣ ብርሃን ታየ ብሎም ይደሰታል።