‹ገባ ብሎ› ስንት ሜትር ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ሥራዬ ካዛንቺስ ስለሆነ እዚያው አካባቢ የሚከራይ ቤት እየፈለግሁ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቴሌግራም ላይ የቤት ማስታወቂያ ሳነብ ከረምኩ። አማርኛ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን እየተጠራጠርኩ ነው። ‹ከአስፋልት ገባ ብሎ› የተባለውን ቤት ለማየት 25 ደቂቃ በእግሬ ሄድኩ። ‹ሰፋ ያለ ሳሎን› የተባለው ደግሞ አንድ ሶፋ አይችልም። ጓደኛዬ ‹ደላላ የሚናገረው በሰምና ወርቅ ነው፣ ወርቁን ፈልጊ› ትለኛለች። እውነት ሰምና ወርቅ ነው? ደግሞስ ‹ገባ ብሎ› በሰዋስው ስንት ሜትር ነው?

መልስ፦ ከጓደኛሽ ልጀምር። ሰምና ወርቅ አይደለም። ሰምና ወርቅ ኅብረ ቃል ይፈልጋል፤ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ፣ አንዱ ከላይ ሲታይ ሌላው ከሥር የሚደበቅበት ማለት ነው። ‹ጸጥ ያለ ሰፈር› ውስጥ ኅብረ ቃል የለም። ጸጥ ያለ ማለት ጸጥ ያለ ነው። ታክሲ ስለማይደርስበት ነው ጸጥ ያለው፤ እሱን ግን አልነገሩሽም። ደላላው ግማሹን እውነት ተናግሮ ግማሹን ለእግርሽ ትቶልሻል። ይሄ ማለስለሻ ነው። አያቶቻችን ያንን ነገር ‹ዓይነ ምድር› ሲሉት፣ እኛም ‹ውጭ ልውጣ› ስንል የምናደርገው ዓይነት። ልዩነቱ የእኛ ኪራይ የለበትም።

አሁን ወደ ‹ገባ ብሎ›። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ሰዋስው በእርግጥ መልስ አለው።

አማርኛ አንድን ግሥ ‹አለ› ወይም ‹አደረገ› ከሚለው ጋር አጣምሮ ማሳነስ ይችላል። ‹ከፈተ› ካልሽ ተከፍቷል። ‹ከፈት አደረገ› ካልሽ ግን ንፋስ ያህል ነው የከፈተው። የታመመ ሰው ልትጠይቂ ሄደሽ ‹ሻል ብሎታል› ብትባዪ ድኗል ማለት አይደለም። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ፈንጠር አለ፣ ሁሉም ‹ትንሽ› የሚለውን በሆዳቸው ይዘዋል። ስለዚህ ‹ገባ ብሎ› ማለት በደንቡ ‹ጥቂት ገብቶ› ነው። ሜትር ግን የለውም፤ ምክንያቱም ‹ጥቂት› የሚለውን የሚወስነው ርቀቱ ሳይሆን የተናጋሪው ግምት ነው። ደላላው በሞተር ሳይክል ከሆነ የሚሄደው በእሱ ግምት ትክክል ነው። አንቺ በእግርሽ መሆንሽን ሰዋስው አያውቅም።

የሚያስቀኝ ግን ይሄው አነጋገር ሳሎኑ ላይ ሲመጣ ራሱን ማጋለጡ ነው። ሰፊ ሳሎን ያለው ሰው ‹ሰፊ ሳሎን› ብሎ ይጽፋል። ማን ይከለክለዋል? ‹ሰፋ ያለ› ሲል ወደ ሰፊነት ጠጋ ብሏል እንጂ አልደረሰም፣ እሱም አላልኩም ይልሻል። ‹ዘመናዊነት ያለው›፣ ‹ቀለል ያለ ግቢ›፣ ‹ዋጋው መለስ ያለ› የሚሉትንም በዚሁ ሚዛን አንብቢያቸው። መዝገበ ቃላቱ ያታልልሻል እንጂ ሰዋስው ቀድሞ ነግሮሻል፤ እኛ ነን የማንሰማው።

እኔ ራሴ አልሰማሁም። ከዓመታት በፊት አራት ኪሎ አጠገብ ቤት ስፈልግ አንድ ደላላ ደወለልኝ። ‹ጋሼ፣ አንድ ቆንጆ ቤት አለችኝ። ገባ ብላ ናት። ሰርቪስ ብትሆንም ሞደርን ናት!› አለኝ። ልብ በዪ፣ ቤቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሴት ናት። በአማርኛ ደግሞ ግዑዝ ነገር ባመዛኙ በወንድ ነው የሚጠራው፤ ቤቱ፣ በሩ፣ ግቢው። መኪናንና ፀሐይን የመሳሰሉትን እንተዋቸውና፣ ግዑዙን ነገር በሴት ስንጠራው ወይ እያቆላመጥን ነው ወይ እያሳነስን። ‹ያቺን ወንበር አቀብለኝ› የሚል ሰው ስለ ዙፋን እያወራ አይደለም። (ሴቴ ጾታ ለትንሽነት መዋሉ የሚከፋቸው አሉ፤ እኔም አንዳንዴ ቅር ይለኛል፤ ግን ሰዋስው በስብሰባ አይቀየርም።) ደላላው በስልክ አፍ አውጥቶ ‹ቤቱ ጠባብ ነው› ብሎኛል። ቋንቋ የማስተምር ሰውዬ ደግሞ ‹ቆንጆ› የምትለዋን ብቻ ሰምቼ ወጣሁ።

አስፋልቱ አለቀ፣ ኮብልስቶን ጀመረ። ኮብልስቶኑም አለቀ። ‹የት ነው?› ስለው ‹ይቺትና! ይቺን እጥፍ እንዳልን እዚችው ናት› ይለኛል። ቦታው ራሱ ሴት ሆነ እኮ፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሰውዬው እያሳነሰው ይሄዳል። በመጨረሻ ደረስንና በሩን ከፈተልኝ። ክፍሉ አልጋ ይችላል። አልጋው ከገባ ግን እኔ ውጭ ነኝ።

ሌላው ‹አካባቢ› ነው። ቃሉ የመጣው ‹ከበበ› ከሚለው ነው። ክብ ሠርቶ የሚዞር ነገር ማለት ነው፤ ክቡ ግን የቱ ድረስ እንደሚሄድ ማንም አልለካውም። ድሮ ዶሮ ማነቂያ ወይም እሪ በከንቱ ያለ ቤት በደላላ አፍ ‹ፒያሳ› ነበር። እሱስ ይሁን፣ ጎረቤት ናቸው፤ ‹እሪ በከንቱ ይከራያል› ብሎ የሚጽፍ ደፋርም አይኖርም። እኔን የሚገርመኝ ‹ቦሌ› ብሎ ቦሌ አራብሳ የሚያወርድሽ ነው። አልዋሸም፣ ስሙ ቦሌ ነው። ከኤርፖርቱ ግን ሌላ ጉዞ አለ። በነገራችን ላይ አንቺ የምትሠሪበት ሰፈር ስም በዚህ በኩል ጨዋ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በምህጻረ ቃል ‹ኢንቺስ› ይባል ነበር፤ ቤቶቹ ‹ካዛ ኢንቺስ› ተባሉ (‹ካዛ› በጣልያንኛ ቤት ነው)፤ እኛ አፋችን ላይ አሽተን ካዛንቺስ አደረግነው። ቤት ነው አለ፣ ማን እንደሠራው ተናገረ፣ በቃ። ሰፋ ያለ አላለም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ‹ሮቶ ያለው› ማለት ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው ማለት ነው። ‹ለትራንስፖርት አመቺ› ከሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ረዳቱ መስኮትሽ ሥር ቆሞ ‹ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!› ይላል፤ የማንቂያ ሰዓት አያስፈልግሽም። ‹ኦፕን ኪችን› እንኳ ስሙ ያምራል፤ ቁሌቱ ሶፋው ላይ ያድራል። ‹መኪና የሚያስገባ› የሚለውን ግሥ እይው፤ ማስገባቱን ነገረሽ፣ ማስወጣቱን አላነሳም። ‹እንደ ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ› ከተባለ ማታ 3 ሰዓት ላይ በሩ ይቆለፋል፣ ማን እንደሸኘሽም ይጠየቃል። ‹ዋጋ በውስጥ መስመር› የሚለው ዋጋውን ሲጽፉት ራሳቸው ስላፈሩ ይመስለኛል። ‹ቅድመ ክፍያ በስምምነት› ላይ ግን አትቀልጂ፤ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል። የስድስት ወር አምጪ ከተባልሽ ‹ስምምነት› የምትለዋ ቃል ምን እንደደበቀች ገባሽ ማለት ነው።

ሁሉንም ደግሞ አትጠርጥሪ። ‹ነባር ይዞታ› ማለስለሻ አይደለም፤ በሊዝ ያልተያዘ ቦታ ማለት ነው፣ ሕጉ የሚያውቀው ቃል ነው። ቤቱ ጭቃ መሆኑ ሌላ ጉዳይ። እኛ ተከራዮችም ንጹሕ አይደለንም። ‹እንግዳ አላበዛም፣ ብዙም ቤት አልውልም› ብለን ገብተን በሳምንቱ የአክስት ልጅ ከነሻንጣው የሚመጣብን እኛው ነን።

እና ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ‹ገባ ብሎ› ሲሉሽ ‹በእግር ስንት ደቂቃ?› በዪ። ‹በማን እግር?› ብለሽ ድገሚ። ከዚያ ጾታውን አድምጪ። ‹ቤቱ› ካለሽ ሂጂና እዪ። ‹ቤቷ› ካለሽ ሜትር ይዘሽ ሂጂ።

ጓደኛሽን ግን ሙሉ በሙሉ አላሳፍራትም። ከሚሸጡት ቤቶች ማስታወቂያ ውስጥ አንድ እውነተኛ ኅብረ ቃል አግኝቻለሁ፤ ‹በ60 ካሬ ላይ ያረፈ ቤት›። ሰሙ በ60 ካሬ ቦታ ላይ የተሠራ ነው። ባለፈው በጊዮርጊስ በኩል ሳልፍ አንዱን አየሁት። ቆርቆሮው ወደ አንድ ጎን ዘሟል፣ ግድግዳው ሆዱ ተነፍቶ በሦስት አጣና ተደግፏል፣ በሩ ላይ ‹የሚሸጥ› ተብሎ በኖራ ተጽፏል። በእርግጥም ዐርፏል። ነፍስ ይማር።