እርቅ የሚለው ቃል አሳስቶኝ ነበር

ውድ ልጆቼ፣

ከቶሮንቶ፣ ከካልጋሪና ከኤድመንተን የምትጽፉልኝ ወጣቶች ቁጥር ባለፉት ሁለት ዓመታት በርክቷል። ሕግ የምታጠኑ አላችሁ፤ ማኅበራዊ ሥራ የምታጠኑም አላችሁ። አንዷ «ጋሼ፣ ፖሊስን ከውስጥ ገብቶ መለወጥ ይሻላል ወይስ ከውጭ ሆኖ መቆጣጠር?» ብላ ጠይቃኝ እስካሁን መልስ አልላክሁላትም። ለሁላችሁም በአንድ ደብዳቤ ልመልስ። ጡረተኛ ጊዜ አለው፤ ዓይኔ ግን እንደ ድሮው ኮምፒውተር ላይ ለመዋል እሺ አይለኝም።

የሠራሁበትን መሥሪያ ቤት በስም አልጠራውም። በካናዳ ከሚገኙት ግዛቶች በአንዱ ሰዎች በፖሊስ ላይ የሚያቀርቡትን አቤቱታ ተቀብሎ የሚመረምር ነው። መጨረሻ ላይ፣ ከነባር ሕዝቦች ጋር፣ ማለትም አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በምድሪቱ ከነበሩት ጋር፣ የሚደረገውን የእርቅ ሥራ እንድመራ ተመደብኩ። ለምን እኔ እንደሆንኩ ትጠይቁ ይሆናል። በጊዜው ከነባር ሕዝቦች የተወለደ ሠራተኛ አንድም አልነበረንም። አለቃዬ ጥቁር በመሆኔ ጉዳዩ ይቀርበዋል ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። የመሥሪያ ቤቱን ሁኔታ ለመረዳት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

«ሪኮንሲሊዬሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «እርቅ» ብዬ ተርጉሜ በልቤ ያዝኩት። ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። እርቅ ሲባል የሚታየኝ በልጅነቴ ከአያቴ ደጅ ዋርካው ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹ «ስለ እግዚአብሔር» ይላሉ፤ ተበዳይም ሽበታቸውን አክብሮ ይቅር ይላል፤ ከዚያ ይበላል፣ ይጠጣል። የመጀመሪያው እቅዴ ቃል በቃል ይኸው ነበር። የፖሊስ አዛዡንና የተበደሉትን ቤተሰቦች ክብ ሠርተን እናስቀምጣቸዋለን፤ መሥሪያ ቤታችን መሐል ገብቶ ይሸመግላል።

እቅዱን አኒሺናቤ ከሚባለው ነባር ሕዝብ ለሆኑ አንዲት አረጋዊት አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የሻይ ስኒያቸውን ገፋ አድርገው «ሽማግሌው እናንተ ናችሁ ማለት ነው?» አሉኝ። «ማን መረጣችሁ? ደመወዛችሁን የሚከፍለውስ ማን ነው?» ደመወዛችንን የሚከፍለው ፖሊስን የሚያስተዳድረው መንግሥት ነበር። ዝም አልኩ። ቀጠሉና «ደግሞስ መቼ ተፋቅረን ነው ዛሬ የምንታረቀው?» አሉ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያስጨነቀኝ የሴትዮዋ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም አልተቆጡም። የገዛ አገሬን ሥርዓት በግማሹ ብቻ ማስታወሴ ነው። የአያቴ ደጅ ሽማግሌዎች ወደ ይቅርታው የሚደርሱት ግራ ቀኙን ሰምተው፣ ምስክር ጠርተው፣ በዳዩን በደሉን አሳምነው፣ ካሳ ቆርጠው ነበር። አንዳንዱ ጉዳይ ወራት ይፈጅ ነበር። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ድግሱን አስታውሼ ሙግቱን ረስቼዋለሁ። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጨረሻ ሪፖርቱን ያወጣው ኮሚሽንም ስሙ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ነው። የስሙን ቅደም ተከተል ልብ በሉ።

ታሪኩን ሳታውቁ ወደዚህ ሥራ አትግቡ። ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ቋንቋቸውንና እምነታቸውን እንዲተዉ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወስደዋል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ወላጆቻችሁ ካናዳ ከገቡ በኋላ ማለት ነው። በብዙ ቦታ ልጆቹን ከእናታቸው እጅ ሲወስድ የነበረው፣ ያመለጡትንም እያሳደደ የመለሰው ደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ነው። በሳስካቱን ከተማ በ1990 ኒል ስቶንቻይልድ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ከከተማው ዳር በብርድ ደርቆ ተገኘ። ፖሊስ መዝገቡን ቶሎ ዘጋው። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ አጣሪ ኮሚሽን በዚያች ሌሊት ልጁ በፖሊስ እጅ እንደነበረ ደመደመ። አንዲት እናት «አቤቱታ አላቀርብም» ብትላችሁ እነዚያን 14 ዓመታት አስቡ።

አቤቱታ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። በ2015 በተንደር ቤይ ከተማ ስቴሲ ደቡንጊ የተባለ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ አስከሬን ከወንዝ ሲወጣ፣ ፖሊስ በሰዓታት ውስጥ በአሟሟቱ ወንጀል የሚያጠራጥር ነገር የለም የሚል መግለጫ አወጣ። ቤተሰቡ አቤት አለ። ይህ አቤቱታ ካስነሣቸው ጥያቄዎች ሰፊ ምርመራ ተከፈተ፤ በታኅሣሥ 2018 የወጣው ሪፖርትም በፖሊስ ተቋሙ ውስጥ ሥር የሰደደ ዘረኝነት መኖሩን ገልጾ፣ ዘጠኝ የሞት መዝገቦች እንደገና እንዲመረመሩ አሳሰበ፤ 44 ምክረ ሐሳቦችንም አቀረበ። የእውነትና የእርቅ ኮሚሽኑ 94 የተግባር ጥሪዎች አሉት፤ በጠፉና በተገደሉ የነባር ሕዝቦች ሴቶችና ልጃገረዶች ላይ የተደረገው ምርመራ ደግሞ በ2019 ሌላ 231 ጨምሯል። ሁሉንም አንብቡ፤ ከዚያ በራሳችሁ ጠረጴዛ ላይ የሚፈጸም አንድ ፈልጉ። እኔ አንድ እስካገኝ ሁለት ዓመት ስብሰባ ለስብሰባ ስዞር ኖሬአለሁ።

ያገኘሁት አንድ ደብዳቤ ነው። ይህን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

በሰሜን፣ በክረምት በበረዶ መንገድ፣ በበጋ በትንሽ አውሮፕላን ብቻ ከሚደረስበት መንደር አንዲት አያት አቤቱታ አቅርበው ነበር። የልጅ ልጃቸው በፖሊስ ማቆያ ክፍል አድሮ ሲወጣ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ችግሩ ከቅጹ ይጀምራል። ቅጹ የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ በመንደሩ ኢንተርኔቱ መጣሁ ሄድኩ ይላል። ከስድስት ወር ያለፈ አቤቱታ ደግሞ ሊዘጋ ይችላል። የላክንላቸው መርማሪ ከፖሊስ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር፤ በጊዜው አብዛኞቹ መርማሪዎቻችን እንደዚያ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበረም። አያቲቱ ግን በሩ ላይ ቆመው ወደ ጫማው ተመለከቱ። ጥቁር፣ የተወለወለ፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ነበር። ልጅ ሳሉ ሊወስዳቸው የመጣውን ሰው ጫማ እንደሚያስታውሱ ለአስተርጓሚዋ ነግረዋት ኖሯል፤ እኛ ይህን የሰማነው ከዓመት በኋላ ነው። በዚያ ቀን ለመርማሪው አሥር ቃል እንኳ አልተናገሩም። እርሱም በሪፖርቱ ላይ «አቤቱታ አቅራቢዋ ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆኑም» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ውሳኔው ተላከ። አራት ገጽ ነው፤ ሦስቱ የሕግ አንቀጽ። በአራተኛው ገጽ ግርጌ አቤቱታቸው በማስረጃ አልተደገፈም ይላል። ለእኛ ይህ የዘወትር ቃል ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ እንጽፈዋለን። አስተርጓሚዋ በቋንቋቸው በኦጂ-ክሪ እንዴት እንደተረጎመችላቸው በኋላ ጠየቅኳት። ጥቂት አሰበችና «ዋሽተሻል ይላል አልኳቸው» አለችኝ። «ሌላ ምን ልበል? በቋንቋችን ያለው እርሱ ነው።»

ደብዳቤውን ለመለወጥ 14 ወር ፈጀብኝ። የሕግ ክፍሉ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እንደ ፈንጂ ነበር የሚነካው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ተቀምጬ ረቂቁን መጀመሪያ በአማርኛ እጽፈው ነበር፤ ለእናቴ ላስረዳት የማልችለውን ዐረፍተ ነገር እሰርዛለሁ። መዝገቡ እንደገና ታይቶ አዲሱ ደብዳቤ ሲወጣ አንድ ገጽ ሆነ። እንዲህ ይል ነበር፦ የልጅ ልጅዎ ወደ ማቆያ ክፍሉ ሲገባ ክንዱ ደኅና ነበር፤ ሲወጣ ተሰብሯል። እርስዎ የነገሩን እውነት ነው። ማን እንደሰበረው ማረጋገጥ አልቻልንም፤ ምክንያቱም ካሜራው አይሠራም ነበር። ካሜራው ተበላሽቶ እንዲቆይ የተወው ጣቢያው ነው።

በማንም ላይ ቅጣት አልተጣለም። ይህን አልደብቃችሁም።

የጽሕፈት ቤቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ካነሣሁት ግን መሳቄ አይቀርም። ከአንድ አረጋዊ ምክር ስትጠይቁ በቅድሚያ ትምባሆ ማቅረብ በብዙ የነባር ሕዝቦች ዘንድ የአክብሮት ወግ ነው፤ በቀይ ጨርቅ ቋጥራችሁ በእጅ ትሰጣላችሁ። የፋይናንስ ክፍላችን የመንግሥት ገንዘብ ለትምባሆ አይወጣም አለ፤ ስለዚህ ከኪሴ እገዛ ነበር። ለአረጋውያኑ የሚከፈለው የምስጋና ገንዘብ ደግሞ ደረሰኝ ይቅረብ እየተባለ ሁለት ወር ይዘገይ ነበር። የ80 ዓመት ሰው ክብር በፖስታ ሲንከራተት አስቡት። እንዲህ ያለው ነገር ከንግግራችሁ ይልቅ ቀድሞ ይታያል።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር አለ። ከነባር ሕዝቦች ጋር በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ሕመማቸውን እንደምረዳ ለማሳየት «እኛ ኢትዮጵያውያን ቅኝ አልተገዛንም፣ ነገር ግን...» ብዬ ጀመርኩ። ነገር ግን የሚለው ላይ አልደረስኩም፤ የሰዎቹን ፊት አይቼ አቆምኩ። እኛ ስንኮራበት የኖርነው ነገር እነርሱ ጆሮ ላይ «እናንተ ለምን ተሸነፋችሁ?» ሆኖ ይደርሳል። ጥቁር መሆናችን ከፖሊስ ጋር ያለንን ታሪክ ከእነርሱ ጋር አንድ አያደርገውም። በብዙ ይገናኛል፤ ግን እኔ በመረጥኳት መሬት ላይ የተቀመጥኩ እንግዳ ነኝ፤ እነርሱ መሬቷ የእነርሱ ነበረች። እኔ ዜግነት ስወስድ የማልኩት ለንግሥት ኤልሳቤጥ ነበር። ከሰኔ 2021 ጀምሮ ቃለ መሐላው የሦስቱን የነባር ሕዝቦች ክፍሎች፣ የፈርስት ኔሽንስ፣ የኢኑዊትና የሜቲ ሕዝቦች መብት በሕገ መንግሥቱ የታወቀና የጸና መሆኑን ይጠቅሳል። ከወላጆቻችሁ መካከል ይህን የማሉ ካሉ ምን እንዳሉ ጠይቋቸው። በአዳራሹ ካሜራና አበባ መካከል ቃሉ ሳይሰማ ያልፋል።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልጅ ልመለስ። በ2016 ኮልተን ቡሺ የተባለ ክሪ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆነ የ22 ዓመት ወጣት በሳስካችዋን ግዛት በአንድ እርሻ ላይ በጥይት ተገደለ። ፖሊሶቹ በሌሊት ሄደው ለእናቱ መርዶ ሲነግሩ፣ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቋቸው። እናትየዋ የልጄን እራት ማይክሮዌቭ ውስጥ አስቀምጬ ነበር ስላሉ፣ አንደኛው ፖሊስ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ማይክሮዌቩን ከፍቶ አየ። ይህን በ2021 ያረጋገጠውና መድልዎ ብሎ የጠራው ከውጭ ሆኖ የፌዴራል ፖሊስን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ነው። ለዚህ የውጭ ሰው ያስፈልጋል። ማይክሮዌቩ እንዳይከፈት ግን በዚያ ሌሊት እዚያ ቤት ውስጥ «ተው» የሚል ባልደረባ ያስፈልግ ነበር። የትኛውን እንደምትችዪ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ዝምታ የሚከብድሽ ከሆነ የውስጡን ሞክሪ፤ መዝገብ አገላብጠሽ የማትሰለቺ ከሆነ ወደ እኛው ነይ።

አዲሱን ደብዳቤ ለአያቲቱ በፖስታ አልላክነውም። ከአስተርጓሚዋ ጋር በትንሿ አውሮፕላን ሄድን፤ እኔ የስፖርት ጫማ አድርጌ። ወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠን አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ አነበበችላቸው። «የነገሩን እውነት ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ሊፈርሙ መስሎኝ ፊርማ አያስፈልግም አልኳቸው። እስክሪብቶውን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ደብዳቤው ጎንበስ አሉና በልጅ ልጃቸው ስም ላይ የጎደለችውን አንዲት ፊደል ጨመሩ። በመዝገባችን ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ስንጽፈው የኖርነው ተሳስተን ነው።