መልስ፦ የስካልፕት ፈረስህ እግር ለምን ተጣመመ?

ሰላም ወንድሜ፣ ሴኮንድ ላይፍ (ሰዎች ራሳቸው የሠሩትን ዕቃ የሚያስገቡበት የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም) ላይ የጫንከው የስካልፕት ፈረስ፣ ማለትም ቅርጹ ከባለቀለም ምስል የሚነበብ ዕቃ፣ እግሩ ለምን እንደተጣመመ፣ አፍንጫው ላይስ ቆዳው ለምን እንደተጨማደደ ጠይቀሃል።

የቅርጹን ምስል ስትጭን ሎስለስ (ቀለሙን ሳይቀይር የሚጨምቀውን) የሚለውን መርጠሃል? በዚያ ምስል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የቅርጹ ነጥቦች የሚቀመጡበትን ቦታ (ኤክስ፣ ዋይና ዚ) የሚናገሩ ናቸው። ተራው ጨመቃ ቀለሙን ትንሽ ከነካው እግሩ ይጎብጣል። 64 በ64 ፒክስል ይበቃሃል። ደግሞ ሙሉ ፈረስ ከአንድ ስካልፕት ለማውጣት አትድከም፣ ነጥቦቹ አይበቁም። ጭንቅላቱንና እግሮቹን ለየብቻ ሠርተህ አያይዛቸው።

አፍንጫው የሚጨማደደው ነጥቦቹን የሚያገናኘው መረብ መስመሮች እዚያ ጫፍ ላይ ስለሚሰበሰቡ ነው። ጠጉሩን ጠፍጣፋ ምስል ላይ ከምትስል ብሌንደር (የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ራሱ ሞዴሉ ላይ ቀባው። ጥላውንም አብረህ ቤክ አድርገው፣ ማለትም ቀለሙ ምስል ላይ እንዲታተም አድርገው።

እውነት ለመናገር ግን ሴኮንድ ላይፍ ላይ ከ2011 ጀምሮ ሜሽ (ከ3ዲ ፕሮግራም ቅርጹ እንዳለ የሚገባ ዕቃ) አለ። አዲስ እንስሳ ብጀምር እኔ ስካልፕት አልነካም።