በእንግሊዝኛ ብቻ ጃፓንን መዞር ይቻላል ወይ? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ያለ አስጎብኚ ጃፓንን ለመጎብኘት ያሰቡ የባሕር ዳርና የአካባቢዋ አንባቢያን ከላኳቸው ጥያቄዎች ጥቂቶቹን መልሻለሁ።

ከፋሲሎ የጻፉ መምህር እንግሊዝኛቸው ጥሩ እንደሆነ ገልጸው፣ አስተርጓሚ ሳይዙ ሦስት ሳምንት መዘዋወር ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ይችላሉ። በባቡር ጣቢያዎች የቦታ ስም በላቲን ፊደልም ስለሚጻፍ፣ ሺንካንሰን በተባለው ፈጣን ባቡር ላይም ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ስለሚደገም፣ ከቶኪዮ እስከ ኪዮቶ አንድ ቃል ሳይናገሩ መድረስ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው በትንሽ ከተማ አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ ወይም የምግቡ ዝርዝር በእጅ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈበት ቤት ሲገቡ ነው። በአንድ ወቅት ጊዮርጊስ አጠገብ አንድ ፈረንጅ ለባጃጅ ሾፌር «ብሉ ናይል ፎልስ» እያለ ሲደጋግም ሰምቻለሁ፤ ልጁ ከሦስቱ ቃላት «ናይል»ን ብቻ ይዞ ዓባይ ድልድይ አድርሶት ተመለሰ። እንግዳው «ጢስ ዓባይ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ቢያሳየው ኖሮ፣ ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚርቅ ነግሮ ወደ መናኸሪያ ይወስደው ነበር። ስለዚህ የሆቴልዎንና የመዳረሻዎችዎን ስም በጃፓንኛ አስጽፈው በወረቀት ይያዙ፤ የስልክ ባትሪ ያልቃልና።

ካታካና የተባለውን ፊደልም ቢያጠኑ እመክራለሁ። ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ቃላት የሚጻፉት በእርሱ ነው፤ መሠረታዊ ምልክቶቹ 46 ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ እንደ እኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛሉ። ሆቴል «ሆቴሩ»፣ ታክሲም «ታኩሺ» ሆነው ያገኟቸዋል። ሀ ሁ ለቆጠረ ሰው ከእንግሊዙ ተጓዥ ይልቅ ይቀለዋል ባይ ነኝ።

ከሽምብጥ የጻፈ ወጣት የእጅ ሰዓቱን ወደ ጃፓን አቆጣጠር እንዴት እንደሚቀይር ይጠይቃል።

በሀበሻ አቆጣጠር የሞላኸው ከሆነ አትንካው። ጃፓን በ6 ሰዓት ስለምትቀድመን፣ እዚህ ከጠዋቱ 2 ሲል እዚያ በእነርሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው።

አንድ ነጋዴ ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሰው ለመመለስ ብቻ የሰባት ቀን የባቡር ፓስ (አንዴ ተከፍሎበት በቀናቱ ውስጥ ደጋግሞ የሚያሳፍር ቲኬት) መግዛት እንዳለባቸው በወዳጃቸው ተመክረዋል።

የወዳጅዎ ምክር ጊዜው አልፎበታል። የፓሱ ዋጋ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ከ29,650 ወደ 50,000 የን ተሰቅሏል፤ የደርሶ መልሱ ቲኬት ግን ከ30,000 የን በታች ሲሸጥ ቆይቷል። ሩቅ ከተሞችን የማያካትቱ ከሆነ ቲኬቱን ብቻ ይግዙ።

ከዘጌ የጻፉ እናት በዐቢይ ጾም ወቅት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ምን እንደሚበሉ አሳስቧቸዋል።

አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ እንኳ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በተቀመመ ውኃ ይሠራል። በቡድሃ ገዳማት የሚዘጋጀው «ሾጂን ሪዮሪ» ግን ሥጋም ዓሣም የለውምና ልጅዎ እርሱን ይፈልግልዎ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ክርክር፣ ጣና ዳር ተቀምጬ ዳኛ አልሆንም፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ስማቸውን ያልገለጹ አንባቢ የጉንፋን መድኃኒታቸውን ይዘው መግባት ይችሉ እንደሆነ ጠይቀው፣ «ጓደኛዬ ምንም አልተባለም» ሲሉ አክለዋል።

የጓደኛዎ ዕድል ለእርስዎ ፈቃድ አይሆንም። ሱዶኤፈድሪን ከ10 በመቶ በላይ የያዘ መድኃኒት ወደ ጃፓን ማስገባት ክልክል ነው፤ ብዙ የጉንፋን እንክብሎች ደግሞ ይህ ንጥረ ነገር አለባቸው። ማሸጊያውን ይዘው ፋርማሲስት ዘንድ ይሂዱ፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ የሚገኘውን የጃፓን ኤምባሲ ይጠይቁ። ከሁለቱ መልስ ሳያገኙ ሻንጣዎ ውስጥ አያስገቡት።