ጊታሬ ቅኝት አልይዝ አለኝ፦ ቁልፉን ከመቀየርህ በፊት ነቱን እይ

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ከረማችሁ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ቧንቧ ውሃ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታሬን እዚሁ ከተማ አንድ የእንጨት ባለሙያ ነው የሰራልኝ፣ ቦዲውም አንገቱም ዋንዛ ነው፣ ፒክአፑን (የክሩን ድምጽ የሚቀበለውን)፣ ቁልፎቹን (ክሩን የሚወጥሩትን)፣ ትሬሞሎውን (ክሮቹ በቦዲው በኩል የሚያዙበትን ተነቃናቂ ብረት) ምናምኑን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ድምጹ ወላሂ ያምራል፣ ቅኝት ግን አይይዝም። ሰርግ ላይ ሊድ፣ ማለት ዜማውን፣ ስጫወት ሶስተኛዋን ክር ገፋ አድርጌ ስለቃት ወርዳ ትቀራለች፣ ዋሚ ባሩን፣ የትሬሞሎውን እጀታ፣ ተጭኜ ስለቀው ደሞ ከፍ ብላ ትቀራለች፣ ስቃኛትም "ጢክ" ትላለች። ክር ቀየርኩ፣ ያው ነው። ጓደኞቼ ቁልፎቹን አውጥተህ ሎኪንግ የሚባለውን፣ ክሩን ቆልፎ የሚይዘውን፣ ግዛ ይሉኛል፣ ዋጋው ደሞ አይቀመስም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ፣ አብሽር፣ ብርህን ያዝ። የጻፍከው ምልክት በሙሉ የሚያሳየው ቁልፉን ሳይሆን ነቱን ነው፣ ያችን ክሮቹ ከአንገቱ ወደ ራሱ ሲያልፉ የሚቀመጡባትን ቦይ ቦይ ያላት ቁራጭ። ቁልፍ የሚያንሸራትት ቢሆን ክሩ ወደ ታች ብቻ ነበር የሚሄደው፣ ያንተ ግን አንዴ ይወርዳል አንዴ ይወጣል። ክሩን ስትገፋው ከነቱ ጀርባ ያለው ትንሽ ወደ አንገቱ ይሳባል፣ ስትለቀው መመለስ ነበረበት፣ ቦዩ ጠባብ ወይ ሸካራ ከሆነ ግን ያንቀውና እዛው ይቀራል፣ ስለዚህ ይላላል። ዋሚውን ስትጫን ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ክሩ ወደ ቁልፉ በኩል ይሸሽና ስትለቀው ሳይመለስ ይቀራል፣ ይጠብቃል ማለት ነው። "ጢክ" የምትለውም የታነቀው ክር ድንገት ሲለቀቅ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግክ ገፍተህ ከለቀቅክና ከወረደ በኋላ ቁልፉን ሳትነካ ከነቱ ጀርባ ያለውን ክር በጣትህ ጫን አድርገህ ተወው፣ ድምጹ ወደ ቦታው ከተመለሰ አበቃ፣ ነቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ባቲም አምባሰልም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ቦታዎች ነው፣ ዘፋኞቻችን ድምጹን እንዴት እንደሚያንከባልሉት ታውቃለህ፣ ጊታር ያንን ልከተል ካለ ክር መግፋትና ማንሸራተት ግዴታው ነው። ኮርድ ብቻ ለሚመታ ሰው የሚበቃ ነት እኛ ጋ አይበቃም፣ እኔ በዚህ ነገር አልደራደርም፣ ወሎ ውስጥ ሊድ ለሚጫወት ሰው ጊታር የሚሰራ ባለሙያ ከፒክአፑ በፊት ለነቱ ይጨነቅ።

አሁን ወደ ስራው። ከ10 እስከ 46 የሚባለውን ክር (ቁጥሩ ከቀጭኗ እስከ ወፍራሟ ያለው ውፍረት በኢንች ሺህኛ ነው) የምትጠቀም ከሆነ ሶስተኛዋ ውፍረቷ 0.43 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ቦይዋ ከዛ በጣም በትንሹ ሰፋ ማለት አለባት፣ ክሯ ሳትወዛወዝ ግን እንደልቧ እንድትንሸራተት። ጥሩ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ 600 ወይ 800፣ አጥፈህ የቦዩን ጎንና ጎን ቀስ ብለህ አሽ፣ ወደ ቁልፎቹ በኩል ቁልቁል እንዲሄድ አድርገው፣ ከፍ ያለው ጫፍ በፍሬቶቹ፣ አንገቱ ላይ በተሰለፉት ብረቶች፣ በኩል ይሁን። ወደ ታች ግን አትቆፍር!! ከጠለቀ ባዶ ክር ስትመታ መጀመሪያው ፍሬት ላይ ይንጫጫል። ልኩን ለማወቅ ሶስተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ጫንና መጀመሪያው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት እይ፣ ስስ ወረቀት የምታልፍበት ያህል ትንሽዬ ክፍተት መቅረት አለባት። ሲያልቅ የእርሳስ ጫፍ ቦዩ ውስጥ አመላልስ፣ ግራፋይቱ ያንሸራትታል፣ ክር በቀየርክ ቁጥር ድገመው። የጊታርህ ራስ ሶስት በሶስት ከሆነ ሶስተኛዋና አራተኛዋ ክር ነቱን አልፈው ወደ ጎን ስለሚታጠፉ የባሰ ይታነቃሉ፣ እነሱን ለብቻ ተጠንቅቀህ ስራቸው።

ነቱ ርካሽ ፕላስቲክ ከሆነ ደሞ ከናካቴው አውጣው። የበሬ የጭን አጥንት ደሴ ውስጥ ልኳንዳ ቤት አይጠፋም፣ ስቡ እስኪወጣ ይቀቀል፣ በደንብ ይድረቅ፣ ጊታሩን የሰራልህ ባለሙያ ይቅረጽልህ፣ አጥንት ጠንካራ ነው ሲወለወልም ይለሰልሳል።

ሎኪንግ ቁልፍ መጥፎ አይደለም፣ ጥቅሙ ክሩ ቁልፉ ላይ ብዙ እንዳይጠመጠም ነው፣ እሱን ደሞ በነጻ ታገኘዋለህ፣ ሁለት ሶስት ዙር ብቻ ሳይደራረብ ወደ ታች ጠምጥመው፣ ከዛ ክሩን በእጅህ ቀስ እያልክ ሳበው፣ ቃኝ፣ እንደገና ሳብ፣ መውረዱን እስኪያቆም።

ባለሙያውን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ አንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ፣ እንዳይጎብጥ የሚደግፈው የብረት ዘንግ፣ አለ ወይ? ስኬልህ፣ ከነቱ እስከ ትሬሞሎው ያለው የክር ርዝመት፣ 648 ሚሊሜትር ከሆነ ስድስቱ ክሮች አንድ ላይ ከ45 ኪሎ በላይ ይስባሉ፣ ዋንዛው በደንብ ሳይደርቅ ከተሰራ ደሞ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ ይጎብጣል። ሮድ ካለው በአንዴ ከሩብ ዙር በላይ አታዙር። አንገቱን የያዙትን ብሎኖችም አጥብቅ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አሁንም ዋሚው ካስቸገረህ ትሬሞሎው ከኋላ ባለው ክፍት ቦታ ትንሽ እንጨት ሰንቅረህ እንዳይነቃነቅ አድርገው፣ ሰርግ ላይ አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ የቀሩት አይረበሹም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። ለዘፋኛችን ብለን ሁላችንም ግማሽ ድምጽ ወርደን ነው የምንቃኘው፣ ጊታሬ ጠንከር አድርጌ ስመታው ይዋዥቃል። ደሴና ባቲ ስንሄድ ደሞ ቤት የቃኘሁት ሁሉ ይበላሻል።

መልስ፦ እህቴ፣ ግማሽ ድምጽ ስትወርጂ የክሩ ውጥረት 11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ የላላ ክር ደሞ ጠንከር ብሎ ሲመታ ከፍ ብሎ ነው የሚመለሰው። ከ11 እስከ 49 ያለውን ግዢ፣ ውጥረቱ ይመለሳል፣ ክሩ ስለሚወፍር ግን የነቱ ቦይ ይጠብበዋልና ከላይ የተባለውን አንቺም አድርጊ። መንገዱን በተመለከተ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፣ ባቲ ደሞ ወደ 1,500፣ ብረት ክር ሙቀት ሲነካው ይላላል ብርድ ሲነካው ይጠብቃል፣ ስለዚህ ባቲ ስትወርጂ ቢወርድ ደሴ ስትወጪ ቢወጣ የጊታሩ ጥፋት አይደለም። ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጸሐይ እየመታው እንዳይሄድ፣ ውስጥ ይዘሽው ግቢ፣ ስትደርሺ ከሳጥኑ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት ያህል አየሩን ይልመድ፣ ከዛ ቃኚ፣ ካለፈብሽ ደሞ ከልኩ በታች አውርደሽ ወደ ላይ እየጠመዘዝሽ ድረሺበት።