ለፀጉር ቤትሽ ኢንቨርተር ከመግዛትሽ በፊት ይቺን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳየው የራሴን የ2015 ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። «ጂማ ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት ልከፍት ነው፣ ቤት ተከራይቻለሁ፣ መብራት እየጠፋ ስለሚያስቸግር ሶላር ልግዛ፣ ኢንቨርተር ወይስ ጄኔሬተር? ካስክና ፎን የሚችል ይሁን» ነው ያልሽው። ከላይ የመለሱልሽ ወንድሞች «ሶላር ግዢና ተገላገዪ» ብለውሻል። አልፈርድባቸውም፣ ፀጉር በሚያደርቀው ካስክ ስር ተቀምጠው አያውቁም።

እኔ እዚሁ ጂማ፣ መርካቶ አካባቢ ከከፈትኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። 38 ሺህ ብር አቃጥዬ የተማርኩትን ልንገርሽ።

1. ሙቀትን ከባትሪ አትጠብቂ። አምፖሎቹ፣ የፀጉር ማሽኑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ዋይፋዩ፣ የደንበኞች ስልክ ቻርጅ፣ ሁሉም ተደምሮ የእኔ ቤት 150 ዋት አይሞላም። አንድ ካስክ ግን ብቻውን 1000 ዋት ገደማ ይበላል። ፎን ይብሳል፣ የእኔው እጀታው ላይ 2000 ይላል። የሚያሞቅ ዕቃ ሁሉ እንደዚህ ነው። የቤትሽ ምጣድ ሲሰካ ቆጣሪው ካርድ እንዴት እንደሚበላ አይተሽ የለ? እሱን ነው በባትሪ ላንቀሳቅስ የምትዪው።

ይህን ያኔ የነገረኝ አልነበረም። ኢንቨርተር፣ የባትሪን ጉልበት ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን ዕቃ፣ ልገዛ ሄድኩ። ሱቁን አልጠራውም፣ ግን ሻጩ ምላሱ ቅቤ ነበር። «ይሄ 3000 ዋት ነው እናቴ፣ ሦስት ካስክ ባንዴ ያስነሳልሻል» አለኝ። 3000 የሚለው ለቅጽበት የሚችለው እንደሆነ፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ግማሹን ያህል እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። ከእሱ ጋር ሁለት ባለ 100 አምፔር ባትሪ ሰጠኝ። አዲስ ናቸው፣ ላስቲካቸው አልተቀደደም። የመኪና ባትሪ ናቸው። እኔ ባትሪ ባትሪ ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ በባጃጅ ጭኜ መጣሁ።

ከዚያ የጥር ቅዳሜ መጣ። ሙሽራ ከሦስት ሚዜዎቿ ጋር ይዣለሁ፣ አራቱም ቢጉዲን ተጠቅልለዋል። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መብራት ድርግም። ሚዜዎቹ ጮኹ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እዚህ ቤት መብራት አይጠፋም!» አልኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ኢንቨርተሩን አበራሁ፣ ሙሽራዋን ካስክ ስር አስቀመጥኳት፣ ቡና እንዲፈላ አዘዝኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆነው ነው፣ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። እንደገና አስነሳሁት። ጢጥ፣ ጸጥ። ቢጉዲኑን አንዱን ፈትቼ ባየው ፀጉሩ ውስጡ እርጥብ ነው። ሙሽራው ሰባት ሰዓት ላይ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ሙሽራ ከነቢጉዲኗ በነጠላ ተሸፍና፣ በባጃጅ፣ ጄኔሬተር ያላት ሌላ ፀጉር ቤት ሄደች። የሄደችው ደግሞ ማን ጋ መሰለሽ፣ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም የማንባባል ሴትዮ ጋ። ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ። ያቺ ሙሽራ አሁን የሁለት ልጅ እናት ናት፣ ዛሬም መንገድ ላይ ስታየኝ በሳቅ ትፈርሳለች።

ሂሳቡን የሠራልኝ የደንበኛዬ ወንድም ነው፣ ጂማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኤሌክትሪካል የሚማር ልጅ። የፀጉር ቀለም ካርቶን ገልብጦ ጻፈልኝ። 12 ቮልት ሲባዛ በ100 አምፔር-ሰዓት 1200 ዋት-ሰዓት፣ ማለት 1200 ዋት ለአንድ ሰዓት። ሁለት ባትሪ 2400። ይህን አይነት ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ አይቻልም፣ ስለዚህ 1200። ኢንቨርተሩ ራሱ ትንሽ ይበላል፣ 1000 ቀረሽ በይ። አንድ ካስክ፣ አንድ ሰዓት፣ አለቀ። ያውም ለዚህ ሥራ የተሠራ ባትሪ ቢሆን ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ቀኑን ሙሉ ከጠጣሽው ውስጡ ያሉት ስስ ብረቶች ይሞታሉ። ካርቶኑን አልጣልኩትም፣ መስታወቱ ጀርባ ለጥፌዋለሁ።

ባትሪዎቹ ሰኔ አልደረሱም። ግንቦት ላይ አምፖል እንኳ ለአንድ ሰዓት መያዝ አቃታቸው።

2. ደረሰኝ። ያ ሰውዬ «በደረሰኝ ከሆነ ቫት አለው፣ ያለ ደረሰኝ ልቀንስልሽ» ሲለኝ 15 ፐርሰንት አተረፍኩ ብዬ ነበር። «ዋስትናው የአንድ ዓመት ነው፣ እኔ አለሁ» አለኝ። አለ በእርግጥ፣ እዚያው ቁጭ ብሏል። «መቼ ገዛሽ? ከማን ገዛሽ?» አለኝ ፊት ለፊቴ። ተናድጄ አቤት ልል አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ሠራተኛዋን ሁለት ቀን ተመላልሼ ነው ያገኘኋት፣ አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ ሻይ። ሦስተኛው ቀን ስልኳን እየነካካች «ደረሰኝ አለሽ?» አለች። የለኝም። «ታዲያ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ቀና ብላም አላየችኝ። እውነቷን ነው፣ ምንም አልያዝኩም፣ ግን አነጋገሯ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሐሙስ ነበር ደግሞ፣ የገበያ ቀን፣ ሱቄን ዘግቼ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። አንቺ ካልጠየቅሽ ግን አዋጁ መጥቶ አይጠይቅልሽም። ደረሰኙ ላይ «ባትሪ» ብቻ አይበቃም፣ ዓይነቱና አምፔሩ ይጻፍ፣ የዋስትናው ጊዜም በማህተም።

3. ጄኔሬተር። እኔ አልወደውም። ቤንዚን ወረፋ አለ፣ በጀሪካን አንቀዳም ብለው ከወረፋው አስወጥተውኛል፣ ድምፁ ደንበኛ ያባርራል። ካስክ በመብራት መጥፋት ጊዜ የግድ ነው ካልሽ ግን ከእሱ የሚቀል መላ አላውቅም። ውጭ አድርጊው። ጓዳ ውስጥ በር ዘግተሽ፣ በጭራሽ!

ይህን የምልሽ ከሰል አሳይቶኝ ነው። ሐምሌ ነበር፣ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ። ለማጠቢያ ውሃ ጓዳ ውስጥ በከሰል እያሞቅን ነው። ዝናቡ ወደ ውስጥ ሲገርፍብን በሩን ዘጋነው። አንዲት የምታጠባ ደንበኛዬ ራሴን አመመኝ አለች። ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው ብዬ ሻይ አዘዝኩላት። ትንሽ ቆይታ አስታወካት፣ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት። ጓዳ ያለችው ሠራተኛዬም ግድግዳ ተደግፋ ፈዝዛለች። የሁላችን አእምሮ ደንዝዞ ነበር መሰለኝ፣ አንዷ ሎሚ አምጡ ትላለች፣ አንዷ ፀበል። ጎረቤት ያሉት ባለ ሱቅ ጋሼ ናቸው በሩን በርግደው «ከሰል ነው፣ አውጧቸው!» ያሉት። ዝናብ ላይ አስቀመጥናቸው። ነፍሳቸው ስትመለስ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ ደህና ሆኑ። ያ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት፣ ሽታ የለው፣ አይታይ፣ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ነው የሚገድለው። ከጄኔሬተርም የሚወጣው እሱው ነው። እኔ ጋ ከዚያ ወዲህ ከሰል የሚነደው ደጃፍ ላይ ብቻ ነው። ደንበኛ ይብረደው፣ ጋቢ እሰጣለሁ።

ቁጥሩን ረሳሁት፣ 4 ይሁን። አሁን ያለኝ ምንድነው? አንድ ባለ 100 አምፔር ሊቲየም ባትሪ፣ 1000 ዋት ፒዩር ሳይን ኢንቨርተር (እንደ ቤት መብራት ያለ ንጹህ ጉልበት የሚሰጥ)፣ ከመብራት ራሱን የሚሞላ። ውድ ነው፣ አዎ። ያንን የኔን 150 ዋት ግን ስድስት ሰባት ሰዓት ይይዛል፣ እስካሁንም አልደከመም። የሶላር ፓነል የለኝም። አከራዬ «ቆርቆሮዬን አትብሺብኝ» አለኝ፣ ከዚያ ደግሞ «ለጣሪያው ትንሽ ጨምሪ» አለኝ። አንቺም ተከራይ ነሽ፣ ያንቺውም ይህንኑ ይልሻል። የእኛን ከተማ ሰማይም ታውቂዋለሽ፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ጂማ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ካየሽ ጥሪኝ። መብራቱ የሚጠፋው ደግሞ በእነዚሁ ወራት ነው የሚብሰው። ዛፍ ይወድቃል፣ መስመር ይበጠሳል፣ ትራንስፎርመር ይፈነዳል። ግልገል ጊቤ አንድ እዚሁ አፍንጫችን ስር 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ ህዳሴውም በ5150 ሜጋ ዋት ተመርቋል፣ ኩራቴ ነው፣ ለሁለቱም እልል ብያለሁ። ግን ከግድቡ እስከ ካስኬ ያለው ሽቦ ነው እኔን የሚያስለቅሰኝ።

ሙቀቱን በምን ተካሁት? በፔርሙዝ። አትሳቂ። ጠዋት መብራት ሲኖር ውሃ አፈላለሁ፣ አምስት ትልልቅ ፔርሙዝ ይሞላል። እስከ ከሰዓት ቀዝቃዛ እየጨመርኩ ራስ አጥብበታለሁ። 38 ሺህ ያልሠራውን ፔርሙዝ ሠራው።

ሥራውንም ገለበጥኩት። መብራት ሲኖር ካስክና ፎን ያለበትን አስቀድማለሁ። ሲጠፋ ሹሩባ፣ ጥፍር፣ ቅንድብ። ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም «መብራት አለ፣ ካስክ የፈለገ ይምጣ» ብዬ እለጥፋለሁ። እኔ ጋ የሚሠሩት ልጆች በፐርሰንት፣ ከሠሩት ላይ ድርሻ እየወሰዱ ነው የሚሠሩት፣ ታውቂያለሽ፣ ደንበኛ ካልገባ ባዶ እጃቸውን ነው የሚገቡት። በዚያ ክፉ ክረምት ጎበዟ ልጄ ጄኔሬተር ያላት ጋ ሄደችብኝ፣ አዎ፣ ያችው ሴትዮ ጋ። አምና ተመልሳለች። አሁን አራት ናቸው። ስለዚህ ስትቀጥሪ ፎን ብቻ የምትችል አትያዢ፣ ሹሩባ የሚፈጥን እጅ ያላትን ፈልጊ። በመብራት መጥፋት ቀን ቤቱን የምታቆመው እሷ ናት።

መብራት እንደጠፋ የካስኩን ሶኬት ንቀዪ። ሲመለስ አንዳንዴ ጉልበቱ በዝቶ ነው የሚመጣው፣ አንድ ፎን እንደዛ ተቃጥሎብኛል። አምስት ደቂቃ ጠብቂና ሰኪ።

ኮሜንት ላይ «200 አምፔር ጄል ባትሪ አይቻለሁ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ በአንድ እጄ አንስቼ አየሁት» ብለሻል። እህቴ፣ የኔ ባለ 100ዎቹ የመኪና ባትሪዎች ከባጃጁ ሲወርዱ ወገቤን ነበር የያዝኩት። እውነተኛ የ200 ጄል ከ50 ኪሎ በላይ ነው፣ ሁለት ሰው ነው የሚሸከመው። ነገ ተመልሰሽ ሚዛን ላይ ይውጣልኝ በዪው፣ ፊቱንም እዪው።